ክዊክ

ለሚስ ሌቲስ ጎፍ፣ ለቄሱ ታናሽ እህት፣
ደብዳቤ መጣላት፣ ማክሰኞ ጧት፦
«መዝገበ ቃላችን ደረሰ ከ‹ኪው› ፊደል፤
‹ክዊክ› የምትል ቃል መንገድ ዘጋች እንደ ገደል።
‹ፈጣን› ማለት እንደሁ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤
ሌላ ፍቺ ካላት ከገጠር ሰው አፍ ይፈልቃል።
በካርድ በካርድ ጽፈሽ፣
እስከ መጋቢት ድረስ ላኪልን አሽገሽ።»

እርሳሷን ቀርጻ ወጣች ወደ መስኩ፤
የሄሪፎርድሺር ጭቃ አይታወቅ ልኩ።
ኤነክ ፕሮሰር እዚያ፣ ቦይ ዳር ተንበርክኮ፣
እጁን እስከ አንጓው አፈር ውስጥ ልኮ።
ኤነክ ማለት እንግዲህ፣ የሰፈሩ ቀርፋፋ፣
ቀንድ አውጣ ሲቀድመው መንገድ የሚያሰፋ፣
እሱ ጫማ ሲያስር ፀሐይ የምትጠፋ።

«‹ክዊክ› ነው የምተክል» አለ ቀና ሳይል፤
«አንተ?» አለች ሌቲስ፣ ከሳቋ ስትታገል።
«ያ የጌትየው አጥር የሞተ እንጨት ነው፤
በሦስት ክረምት ዝናብ ሻጋታ በላው።
ይሄ ግን እሾሁ ነፍስ ያለው፣ ሕያው ነው፤
ስትቆርጪው የሚበዛ፣ ስታጎብጪው የሚያቅፍ፣
እኔን ቀብሮ የሚያልፍ።
ስሙም ‹ክዊክ› ነው፤ ከአያት የወረስነው።
ፍጥነት? እሱን እንጃ፤ ሃያ ዓመት ነው የሚፈጀው።»
በጭቃ ጣቷ ጻፈች፦ «አንድ፦ ሕያው።»

ብረት ቀጥቃጩ ፑ ሚስማር በቀሩት ጥርሶቹ ነክሶ፣
የባዝራ ኮቴ ይዞ፣ ጉልበቱ ላይ አንተርሶ፦
«ሰኮና እንደ ጥፍር ነው፤ ብትፍቂው ዝም ይላል።
ከሥሩ ግን ‹ክዊክ› አለ፣ ደም ይመላለሳል።
ሚስማሬ የፀጉር ያህል ወደዚያ ካለፈ፣
ትርጉሙን በርግጫ ትነግርሻለች፤ ይኸው ጥርሴ፣ የረገፈ።»
ሌቲስ የገዛ ጥፍሯን፣ ከልጅነት ስትነክሰው የኖረችውን፣ አየች፤
ዳሩ ደም ቋጥሯል። «ለካ እዚህም አለች።»

ዓሣ ሻጯ መበለት ከሴቨርን ዳር መጥታ፣
«አሸዋም ‹ክዊክ› አለው» አለች ሚዛኗን አንስታ፤
«ባሌን ከነጋሪው…» ብላ ዓሣዋን ቆጠረች።
ሌቲስ ያችን ካርድ ሳትጽፍባት አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ሲመሽ ደረሰች ከኤነክ ምራት ደጅ፤
ኬዝያ አንሶላ ስትጨምቅ በእጅ፣
ድንገት ቆመች። መዳፏ ከሆዷ ላይ አረፈ፤
ገመዱ ላይ አንድ ሸሚዝ በነፋስ ቀዘፈ።
«ምነው? አመመሽ?»
«የለም። ‹ክዊክ› ሆነ፣ አሁን።
አራት ወር እንደ ድንጋይ ዝም ብሎኝ ከረመ፤
ዛሬ እንደ ዓሣ ጅራት፣ አንድ ጊዜ፣ ተላወሰና ቆመ።»

በኛ ቋንቋ «ነፍሰ ጡር» ነች፣ ነፍስ የተሸከመች።
የነሱም ቃል ዞራ ዞራ እዚያው ሆድ ውስጥ ደረሰች።
ሌቲስ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ይህን ከወሬ በቀር ያልሰማች፤
እርሳሷን እንደ ጨበጠች ነፋሱን አዳመጠች።

እሑድ ወንድሟ በጉንፋን ድምፅ ጸሎተ ሃይማኖት ሲመራ፣
«በ‹ክዊክ›ና በሙታን ይፈርድ ዘንድ…» ብሎ ድምፁን ሲያጎላ፣
አንድ ልጅ አንሾካሾከ ከወንበሮች ኋላ፦
«ፈጣኖቹማ ሮጠው ያመልጡታል!»
ኤነክ ፕሮሰር አምድ ተደግፎ ያንቀላፋል።

በየካቲት ኤነክ ሞተ፤ ሞቱም ቀስ ብሎ አዝግሞ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ መልአኩን ደጅ ላይ አቁሞ፣
«ቆይ፣ ጫማዬን ልሰር» ያለው ይመስል።

ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፦ «ፍጠኚ እንጂ!
ማተሚያው ሊነሳ ነው፤ ካርዶችሽ የት አሉ?»
ሌቲስ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች ወደ ቦዩ።
ችግኞቹ ቆመዋል፣ ቀጫጭን፣ ግራጫ፣
ለማገዶም የማይበቁ፣ ሲታዩ።
የሞተውን ካልሞተው ማን ይለያል ባይን?
ተንበረከከች። በዚያች በተነከሰች ጥፍሯ
የአንዱን ቅርፊት ፋቀች፣ በቀስታ፣ እንዳያመው።
ከሥሩ አረንጓዴ።
እርጥብ።

ካርዶቹ ሎንዶን የደረሱት አራት ቀን ዘግይተው ነው።
«ፈጣን» የሚል አልነበረባቸውም።
አንደኛዋ ካርድ ታጥፋለች፤ ምንም አልተጻፈባትም፤
ዓሣ ዓሣ ትሸታለች።